አፓላችያን ትሬይልን ከመሃል ጀምሮ ዳር እስከ ዳር መጓዝ፦ በዲሲ አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ዝርዝር መመሪያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ዲሲ የምትኖሩ ከሆነ፣ በዓለም ከታወቁት ረጃጅም የእግር መንገዶች አንዱ ከቤታችሁ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል አይርቅም። አፓላችያን ትሬይል ይባላል። ደቡባዊ ጫፉ ጆርጂያ ውስጥ ያለው ስፕሪንገር ተራራ ነው። ሰሜናዊ ጫፉ ደግሞ ሜይን ውስጥ ያለው ካታዲን ተራራ። በመካከላቸው 14 ግዛቶች፣ ወደ 2,190 ማይል ማለትም 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ብዙዎቻችን በመከር ሼናንዶዋ ሄደን ቅጠሉ ሲቀላ አይተን፣ ፎቶ ተነሥተን ተመልሰናል። ያኔ መኪና ካቆምንበት ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ዛፍ ላይ የተቀባው ነጭ ምልክት የዚሁ መንገድ ነው።

ይህን የጻፍኩት መንገዱን በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉውን በእግሩ መጨረስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ቀልድ አይደለም፤ ግማሽ ዓመት ይወስዳል። ከሚጀምሩት ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው የሚጨርሰው። የቀረው ገንዘብ አልቆበት፣ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ከቤት ስልክ ተደውሎለት ወይም ዝናቡ አሰልችቶት ያቆማል። ከእነዚህ ብዙዎቹን እቤት ተቀምጦ ቀድሞ ማሰብ ይቻላል። ለእኛ ደግሞ አንድ ትልቅ ዕድል አለን፦ መንገዱ መሃሉ ላይ ደጃችንን አልፎ ይሄዳል። እኔም የምመክራችሁ ከጫፍ ሳይሆን ከመሃል እንድትጀምሩ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እወቁት

የመንገዱን ሐሳብ በ1921 ያቀረበው ቤንተን ማካይ የተባለ የደን ባለሙያና ዕቅድ አውጪ ነው። መንገዱ በ1937 ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገናኘ። በ1948 ከጦርነት የተመለሰው ኧርል ሻፈር ሙሉውን በአንድ ጉዞ መጨረሱን አሳወቀ፤ እንዲህ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1968 መንገዱ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ አገኘ። ዛሬም ድረስ ዛፍ ሲወድቅ የሚያነሡት፣ ምልክት የሚቀቡት፣ ድልድይ የሚጠግኑት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሚያስተባብራቸው የአፓላችያን ትሬይል ጥበቃ ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሐርፐርስ ፌሪ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ነው።

ምልክቱ 2 ኢንች በ6 ኢንች የሆነ ነጭ ቀለም ነው፤ ዛፍ፣ ድንጋይ ወይም ምሰሶ ላይ ይቀባል። ሁለት ነጭ አንዱ ከአንዱ በላይ ካያችሁ መንገዱ ሊታጠፍ ነው ማለት ነው፤ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ሰማያዊ ደግሞ ወደ ውሃ፣ ወደ መጠለያ ወይም ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ ቅርንጫፍ መንገድ ነው። ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ያላቸው የእንጨት መጠለያዎች ከ250 በላይ አሉ። በአማካይ በየ8 ማይሉ አንድ ታገኛላችሁ። ዝናብ ሲጥል ግን ይሞላሉ፤ ስለዚህ ድንኳን የግድ ነው።

ከፍታው አያስፈራችሁ። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ በስሞኪ ተራሮች ያለው ኩዎሂ ሲሆን 2,025 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። ሰው የሚያደክመው መውጣትና መውረዱ ነው። አንዱን ጫፍ ወጥታችሁ ሳትጨርሱ ትወርዳላችሁ፤ ወዲያው ሌላ ዳገት ይጠብቃችኋል። የዳገቱ ድምር ኤቨረስትን ከባሕር ጠለል ጀምሮ 16 ጊዜ እንደመውጣት ነው።

አቅጣጫችሁን ምረጡ

ሦስት አማራጭ አለ። ብዙ ሰው በመጋቢት ወይም በኤፕሪል መጀመሪያ ከጆርጂያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ጥቅሙ ብዙ ጓደኛ ማግኘት ነው። ጉዳቱም ያው ነው፦ መጠለያው ይጨናነቃል፣ የሆድ በሽታ ይዛመታል። በዚያ ላይ ካታዲን ከመዘጋቱ በፊት ለመድረስ ሩጫ አለበት። ሁለተኛው በጁን ከሜይን ተነሥቶ ወደ ደቡብ መሄድ ነው። ይህ ከሁሉ ከባዱን ክፍል ገና ሰውነት ሳይጠነክር ያመጣዋል፤ በዚያ ወቅት የሜይን ጥቁር ዝንብ ደግሞ ደም የሚመጥ ነው።

ሦስተኛው ከመሃል መጀመር ነው። ከሐርፐርስ ፌሪ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን እስከ ካታዲን ትሄዳላችሁ። ከዚያ በመኪና፣ በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ወደ ሐርፐርስ ፌሪ ትመለሱና ደቡቡን ክፍል እስከ ስፕሪንገር ትጨርሳላችሁ። ማኅበሩም መጨናነቁን ስለሚቀንስ ይህን ያበረታታል። ለእኛ ለዲሲ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ከዩኒየን ስቴሽን በባቡር ሐርፐርስ ፌሪ መድረስ ይቻላል። የመጀመሪያው ሳምንት መንገድ ለስላሳ ነው። ዕቃ ቢበላሽ ቤት ቅርብ ነው። ከካታዲን ስትመለሱ እግረ መንገዳችሁን ቤት ገብታችሁ ገላችሁን ታጥባችሁ፣ ዶሮ ወጥ በልታችሁ፣ ጫማ ቀይራችሁ ትነሣላችሁ። አንዳንዱ ሰው «እቤት ከገባሁ አልወጣም» ብሎ ይፈራል። የሚፈራ ካለ ከአራት ቀን በላይ አይቆይ።

ቀኑን ከካታዲን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ካታዲን የሚገኘው ባክስተር ስቴት ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ ከኦክቶበር አጋማሽ ገደማ በኋላ ማደር አይፈቅድም፤ አየሩ ሲከፋም ተራራውን ይዘጋል። ከጆርጂያ ለሚነሣ ሰው ይህ ቀን እንቅልፍ ይነሣል። ከመሃል ለሚጀምር ግን ሰፊ ጊዜ አለ።

እስቲ እናስላ። ከሐርፐርስ ፌሪ እስከ ካታዲን ወደ 1,170 ማይል ነው። ከዕረፍት ቀናት ጋር በቀን በአማካይ 12 ማይል ብትሄዱ 98 ቀን ይፈጃል። ሜይ 1 ብትነሡ በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት ካታዲን ናችሁ። ለመመለሻና ለዕረፍት አምስት ስድስት ቀን ያዙ። ከሐርፐርስ ፌሪ እስከ ስፕሪንገር የቀረው ወደ 1,025 ማይል ነው። አሁን ሰውነታችሁ ጠንክሯል፤ በአማካይ 14 ማይል ብትሄዱ 73 ቀን ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ጆርጂያ ትደርሳላችሁ። ለጉዳትና ለአየር ሁለት ሳምንት ትርፍ ብትጨምሩም ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው የምትጨርሱት፤ በደቡብ ተራሮች ይበርዳል እንጂ አያቆምም።

ይህ ስሌት ሌላም ጥቅም አለው። ቬርሞንት የምትደርሱት በረዶው ቀልጦ ጭቃው ከደረቀ በኋላ ነው። ሜይን ስትገቡ ጥቁር ዝንቡ ጋብ ብሏል። ደቡቡን በመከር ትሄዱበታላችሁ፤ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ቅጠሉ ይቀላል። በኦክቶበርና ኖቬምበር ግን አደን የሚፈቀድበት ወቅት ነውና ደማቅ ብርቱካናማ ኮፍያ ወይም ሰደርያ አድርጉ።

ገንዘቡ

በመንገድ ላይ በወር 1,000 ዶላር ገደማ ይበቃል ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ 1,200 ያዙ እላለሁ። ከተማ ስትገቡ አልጋ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ሃምበርገርና ትራንስፖርት ሳታውቁት ኪስ ያራቁታሉ። ለስድስት ወር 7,200 ዶላር ነው። ዕቃውን ከዜሮ ለሚገዛ ከ1,500 እስከ 2,000 ይጨመር። ጫማ ብቻውን አራት ወይም አምስት ጥንድ ይፈልጋል፤ አንዱ ወደ 500 ማይል ነው የሚያገለግለው።

እዚህ ላይ የፈረንጅ መመሪያ የማይጽፈው ነገር አለ። አገር ቤት በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ ትሬይል ላይ ስለወጣችሁ አይቆምም። የእናት መድኃኒት፣ የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። የስድስት ወሩን ከመነሣታችሁ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የሚልክላችሁ ሰው ስጡ። በጫካ መሃል ሲግናል እየፈለጋችሁ ብር ለመላክ አትሞክሩ።

ዕቁብ ካላችሁ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ነው። ዕጣው ከመነሣታችሁ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ እንዲደርሳችሁ ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ተነጋገሩ። በኋላ የሚቀር መዋጮ ካለ ግን ከተለየው ገንዘብ ላይ ቀንሱት፤ የዕቁብ ዕዳ ይዞ መንገድ መውጣት ለሰውም ለስምም ጥሩ አይደለም።

ከሁሉ በላይ 800 ዶላር ያህል የማይነካ ገንዘብ ይኑር። ጉዞው ተቋርጦ ወደ ቤት መመለሻ፣ የሐኪም ቤት ወጪ ወይም የተቀደደ ድንኳን ምትክ ነው።

ሥራ፣ ኢንሹራንስና ወረቀት

አለቃችሁን ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት አነጋግሩ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ፤ ሳይጠይቁ «አይሆንም» ብሎ መልቀቅ የለም። ኡበር የሚነዳ ሰው ፈቃድ መጠየቅ አያሻውም፤ የመኪናው ክፍያና ኢንሹራንስ ግን ስድስት ወር ሙሉ ቆሞ ይበላል። ለዘመድ ማከራየት ወይም መሸጥ ካለበት አስቀድሞ ይወስን።

የጤና ኢንሹራንሳችሁ በሥራችሁ በኩል ከሆነ፣ ሥራ ስትለቁ በስንት ቀን እንደሚቋረጥ ጠይቁ። ከዚያ የግዛታችሁን የኢንሹራንስ ገበያ ተመልከቱ። ጉዳት በሌላ ግዛት ቢደርስ የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ የምትጓዙት በ14 ግዛት ውስጥ ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁ ካርዱን ያዙ፤ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ይታሸግ።

ቤተሰብ

እናት «ልጄ፣ ሰው ቤት እያለው ጫካ ያድራል?» ማለታቸው አይቀርም። በክርክር አይረቱም። የሚያረጋጋቸው ዝርዝር ነገር ነው። ካርታውን አሳዩአቸው። በየአራት ቀኑ ከተማ እንደምትገቡና እንደምትደውሉ ንገሯቸው። በሳተላይት መልእክት የምትልክ ትንሽ መሣሪያ ግዙ፤ ሲግናል በሌለበት ቦታ «ደኅና ነኝ» የሚል ቃል ትልካለች፣ በጭንቅ ጊዜ ደግሞ ነፍስ አድን ትጠራለች። ነገር ግን ቀን ቆርጣችሁ «ሐሙስ እደውላለሁ» አትበሉ። ሐሙስ ካልደወላችሁ አርብ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ይጨነቃል። «ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ» በሉ።

እቤት አንድ ሁነኛ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ እህት፣ ጓደኛ፣ ሚስት ወይም ባል። ፖስታችሁን ይቀበላል፣ የምግብ ካርቶን ይልካል፣ የጉዞ ዕቅዳችሁ ቅጂ በእጁ ይኖራል። ከመሄዳችሁ በፊት ካርቶኖቹን አንድ ላይ ሙሉና ቀን ጻፉባቸው፤ ለእሱ የሚቀረው መላክ ብቻ ይሁን።

ዕቃ፦ ክብደቱን በሚዛን

የኩሽና ሚዛን ይኑራችሁ። ምግብና ውሃ ሳይጨመር ቦርሳችሁ ከ9 ኪሎ ባይበልጥ መልካም ነው። ሦስቱ ከባድ ነገሮች ቦርሳው፣ ድንኳኑና ስሊፒንግ ባጉ ናቸው። ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉ። ሌላውን ርካሽ መግዛት ይቻላል። ለሜይ መነሻ እስከ 20 ዲግሪ ፋረንሃይት የሚችል ስሊፒንግ ባግ ይበቃል። በሐምሌ ሙቀት ወፍራሙን ልብስ እቤት ብትልኩም ኒው ሃምፕሸር ከመግባታችሁ በፊት አስመልሱት። እዚያ ያለው ማውንት ዋሽንግተን በ1934 በሰዓት 231 ማይል የሚነፍስ ንፋስ የተመዘገበበት ተራራ ነው፤ በበጋም ሰው በብርድ ይሞትበታል።

ጥጥ ልብስ አትያዙ። ሲርስ አይደርቅም፣ ሰውነት ያቀዘቅዛል። ጂንስ ጭራሽ አይታሰብ። ሱፍ ካልሲ ሦስት ጥንድ፤ አንዱ ለመኝታ ብቻ። ጫማ ከወትሮ ቁጥራችሁ ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፤ እግር በሳምንታት ውስጥ ያብጣል፣ ይሰፋል። ሁለት የጉዞ ዱላ ለቁልቁለት ጉልበት ያድናል። የውሃ ማጣሪያ፣ የራስ መብራት፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ማሰሮ፣ 10,000 ሚሊአምፕ ሰዓት የሆነ ባትሪ። ለካርታ ብዙ ተጓዥ ፋርአውት የሚባለውን አፕ ይጠቀማል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የቱ ምንጭ እንደደረቀም ሰዎች ይጽፉበታል። ስልክ ቢሰበርስ? የወረቀት ካርታም ያዙ።

ስንቅ፦ እዚህ ላይ እኛ ቀድመናል

ተጓዡ ሁሉ ስለ ቀላል፣ ውሃ የሌለው፣ ኃይል የሚሰጥና የማይበላሽ ምግብ ይጨነቃል። አያቶቻችን በቅሎና በእግር አገር ሲያቋርጡ ይህን ጥያቄ ጨርሰውታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ። ሁሉም በአካባቢያችን የሐበሻ ሱቅ ውስጥ አለ።

በሶ ለጠዋት እንዲህ አዘጋጁት። አንድ ኩባያ በሶ፣ ቁንጥጫ ጨውና ትንሽ በርበሬ በዚፕ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ላስቲክ። ጠዋት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ውሃውን በአንድ ጊዜ አትገልብጡ፤ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ላስቲኩን ከውጭ በጣቶቻችሁ እሹት። ዱቄቱ ከላስቲኩ ጥግ ሲላቀቅና አንድ ላይ ሲይዝ ጭብጦው ደርሷል። እጅ አይቆሽሽም፣ ማሰሮ አይታጠብ፣ ጋዝ አይቃጠል። እየሄዳችሁ ትበሉታላችሁ። ጣፋጭ የሚወድ በርበሬውን ትቶ ማር ያድርግ። በቅቤ የታሸ ጩኮም ግሩም ነው፤ በጁላይ ሙቀት ግን ቅቤው ቀልጦ ቦርሳ ስለሚያበላሽ ለመከር አቆዩት።

ማታ ሽሮ። ምጥን ሽሮ ያዙ፤ ቅመሙ አብሮት ስላለ ሽንኩርት አይጠይቅም። አራት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በሁለት ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ቀድሞ በፈላ ውሃ ላይ መነስነስ ይጓጉላል። ዘይት ጨምሩ፣ ምድጃው ላይ ጥዱ፣ ማሰሮው ስስ ስለሆነ ሳታቋርጡ አማስሉ። መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። ትንሽ ሲወፍር አጥፍታችሁ ድርቆሹን ሰባብራችሁ ጨምሩና ክደኑት። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ፍርፍር ይሆናል። በአንድ መጠለያ ውስጥ ከኑድል ተመጋቢዎች መካከል ሽሮ ሲሸት ጎረቤት መብዛቱ አይቀርም፤ አንድ ማንኪያ ማቅመስ ደግ ነው።

ሽታው ግን ድብም ይጠራል። የጥቁር ድብ አገር ነው። ከድንኳናችሁ ራቅ ብላችሁ አብስሉ። ምግብ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቆሻሻ ሳይቀር ድብ የማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ ውስጥ ይግባ። ወደ አንድ ኪሎ ከሩብ ይመዝናል፤ ይከብዳል ብላችሁ አትተዉት። ማኅበሩም አጥብቆ ይመክረዋል። ምግብ የለመደ ድብ መጨረሻው መገደል ነው።

መጠኑ በቀን ወደ 900 ግራም ደረቅ ምግብ ነው። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ርሀቱ ይጨምራል፤ ኦቾሎኒ፣ አይብ፣ ቸኮሌት፣ የወይራ ዘይት ጨምሩ። በየሦስት እስከ አምስት ቀኑ ከተማ ስለምትገቡ አብዛኛውን ከሱቅ ግዙ። የሐበሻውን ስንቅ በሁለት ሳምንት አንዴ በካርቶን አስልኩ። ሆስቴል (የተጓዦች ማደሪያ) ወይም ፖስታ ቤት ይቀበላል። ለፖስታ ቤት ከሆነ ስማችሁ፣ «ጄኔራል ዴሊቨሪ» የሚለው ቃል፣ ከተማው፣ ዚፕ ኮዱና የምትደርሱበት ቀን ይጻፍ። ፖስታ ቤት እሑድ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደርሳችሁ እስከ ሰኞ እንዳትጠብቁ ቀኑን አስሉ።

የምትጾሙ ከሆነ ከመሃል መጀመር እዚህም ይረዳል። ከጆርጂያ በመጋቢት የሚነሣ ሰው ሁዳዴን ተራራ ላይ ነው የሚጾመው። በሜይ መጀመሪያ ስትነሡ ፋሲካ ብዙውን ጊዜ አልፏል። ፍልሰታ ግን ከኦገስት 7 ጀምሮ ልክ በካታዲን ሰሞን ይመጣል። ከላይ የጻፍኩት በሶና ሽሮ በዘይት የጾም ምግብ ነው፤ ኦቾሎኒና ቴምር ይጨመርበት። በቀን 15 ማይል እየወጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ግን አደጋ አለው። የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ለሙስሊም ተጓዦች ረመዳን በእነዚህ ዓመታት በአሜሪካ ክረምት መጨረሻ ስለሚውል ከመነሻችሁ በፊት ያልፋል።

ልምምዱን ሜሪላንድ ላይ አድርጉ

ከሐርፐርስ ፌሪ እስከ ፔንሲልቬኒያ ድንበር ያለው የሜሪላንድ ክፍል 41 ማይል ነው። ለሙከራ የተሠራ ይመስላል። መጀመሪያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ወደ ሦስት ማይል ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ዊቨርተን ገደል አንድ ጥሩ ዳገት፣ ቀሪው ረጋ ያለ የተራራ ወገብ ነው። በማርች መጨረሻ የሙሉውን ጉዞ ዕቃ ተሸክማችሁ ለአራት ቀን ሂዱበት። ሜሪላንድ ውስጥ ማደር የሚፈቀደው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ካርታ ላይ ይታያሉ። ዝናብ ተተንብዮ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ድንኳን በዝናብ መትከል እቤት አይለመድም።

ስትመለሱ ያልነካችሁትን ዕቃ ሁሉ አንድ ጎን ደርድሩ። ከመድኃኒትና ከዝናብ ልብስ በቀር እቤት ይቅር።

ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በሳምንት ሦስት ቀን ቦርሳ ተሸክሞ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይበቃል። መውረዱን አደራ። ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለት ላይ ነው።

ፈቃዶች

ሙሉ መንገዱን የሚሸፍን አንድ ፈቃድ የለም። ጉዞአችሁን በማኅበሩ ድረ ገጽ በነፃ አስመዝግቡ። ክፍያ ያላቸው ሁለቱ ብሔራዊ ፓርኮች ሼናንዶዋና ስሞኪ ናቸው። የሼናንዶዋን በሬክሪኤሽን ዶት ጎቭ ታወጣላችሁ። የስሞኪ የረጅም ተጓዥ ፈቃድ 40 ዶላር ሲሆን ከወጣ በ38 ቀን ውስጥ ይቃጠላል፤ ፓርኩን ለማቋረጥ ስምንት ቀን ይሰጣል። ስለዚህ በጸደይ አትግዙት። በመስከረም፣ ቨርጂኒያን ስትጨርሱ በስልክ አውጡና ከተማ ላይ አሳትሙ። ለባክስተር ሜይን ውስጥ ካለችው ከሞንሰን ከተማ ወይም ከፓርኩ ጠባቂዎች የተጓዥ ካርድ ትወስዳላችሁ። ውሻ ባክስተር አይገባም፤ ስሞኪም ውስጥ በመንገዱ ላይ አይፈቀድም።

በ2024 መስከረም መጨረሻ ሄሊን የተባለው አውሎ ንፋስ ደቡብ ቨርጂኒያን፣ ቴነሲንና ሰሜን ካሮላይናን ክፉኛ መትቷል። ከመድረሳችሁ በፊት የመንገድ ለውጥ ካለ በማኅበሩ ገጽ ላይ እዩ።

ጤና

ከድብ ይልቅ መዥገር ፍሩ። በተለይ ከቨርጂኒያ እስከ ኒው ኢንግላንድ የላይም በሽታ ታስተላልፋለች፤ ትንሿ ከሰሊጥ ታንሳለች። ልብሳችሁንና ጫማችሁን ከመነሣታችሁ በፊት ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ርጩበት፤ ገላ ላይ አይደረግም። ማታ ማታ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባና የፀጉር ሥር ፈትሹ። እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ፣ ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀድሞ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል። ጠቆር ያለው ቆዳችን ላይ ቅላቱ ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ቆዳውን በብርሃን አስተውሉ።

የሆድ በሽታው ኖሮቫይረስ ነው። የእጅ ጄል እምብዛም አይገድለውም፤ ትንሽ ሳሙና ያዙና ከውሃ ምንጩ ርቃችሁ ታጠቡ። ውሃ ምንም ያህል ጥርት ብሎ ቢወርድ አጣሩ። እግራችሁ ትኩስ ትኩስ ሲል ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ሦስት ቀን ይወስድባችኋል።

መንገድ ላይ የምታገኙት ሰው አብዛኛው ነጭ ነው፤ በትናንሽ ከተሞች ብቸኛው ጥቁር እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በተጓዦች መካከል ያለው መረዳዳት ከልብ ነው፤ ያለ ምክንያት ኮላና ፍራፍሬ መንገድ ዳር ይዞ የሚጠብቅ ሰው ታገኛላችሁ። ወደ ከተማ ሊፍት ስትጠይቁ ግን ብቻችሁን አትሁኑ፤ ከሌላ ተጓዥ ጋር ሂዱ ወይም የሆስቴል መኪና ጥሩ። ልባችሁ ያልወደደው መኪና ውስጥ አትግቡ።

ወደ ሰሜን

ሜሪላንድ በአራት ቀን ያልቃል። ፔንሲልቬኒያ 229 ማይል ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ የሾለ ድንጋይ ነው። እዚያ በቀን 10 ማይል ብትሄዱ አትናደዱ። ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ኮኔቲከት ዳገታቸው አጫጭር ነው፤ ቬርሞንት አረንጓዴ ነው። ፈተናው ኒው ሃምፕሸር ነው። ዛፍ የማይበቅልበት የተራራ አናት ላይ ስለምትሄዱ የአየር ትንበያ ሳታዩ ጠዋት አትነሡ። ነጎድጓድ ካለ አንድ ቀን ቁጭ በሉ። የቀኑ ጉዟችሁ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህ የሁሉም ሰው ነው። ሜይን እንደገባችሁ ማሁሱክ ኖች የሚባል አንድ ማይል አለ። ቤት የሚያክል ድንጋይ መካከል ቦርሳ አውልቃችሁ ትሾልካላችሁ። ለብቻው ሁለት ሰዓት ስጡት።

ኬነቤክ ወንዝን በእግር አትሻገሩ። ከላይ ያለው ግድብ ውሃ ሲለቅ ደረጃው በድንገት ይነሣል፤ በ1985 ተጓዥ ሰጥማበታለች። በወቅቱ ተጓዦችን የሚያሻግር ታንኳ አለ፤ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩና ጠብቁት። ከሞንሰን በኋላ 100 ማይል ከተማ የለም። የስምንት ቀን ስንቅ ያዙ፤ ወይም ከሞንሰን ሆስቴል በመሃል የሚያደርስላችሁ ካለ ክፈሉ። ካታዲን በመጨረሻው ቀን 5.2 ማይል ወጥታችሁ በዚያው ቀን ትወርዱታላችሁ። በእጅና በእግር የሚወጣበት ቦታ ስላለ ከንጋት ተነሡ። በአቅራቢያው ካለችው ሚሊኖኬት ከተማ በመኪና ወደ ባንጎር፣ ከዚያ ወደ ዲሲ።

ወደ ደቡብ

ከሐርፐርስ ፌሪ በኋላ ሮለር ኮስተር የሚባሉ ተከታታይ ዳገቶች አሉ። ለናንተ አሁን ምንም አይደሉም። የኦገስት ችግር ውሃ ነው፤ ምንጮች ይደርቃሉ። የትኛው እንደሚፈስ አፑ ላይ እያያችሁ፣ ሲያስፈልግ ሦስት ሊትር ተሸከሙ። ቨርጂኒያ ብቻዋን 550 ማይል ያህል ናት፤ የመንገዱ ሩብ። ብዙ ሰው እዚህ ይሰለቻል። ጓደኛና ዘመድ ቅዳሜና እሑድ እንዲመጣላችሁ ቀጠሮ የሚያዘው ለዚህ ክፍል ነው። ሼናንዶዋ ውስጥ መንገዱ የመኪናውን መንገድ ደጋግሞ ስለሚያቋርጥ ለመገናኘት ይመቻል። ከዚያ ማካፊ ኖብ የሚባለው ገደል፣ ደማስከስ ከተማ፣ የቴነሲ ራሰ በራ ተራሮች፣ ስሞኪ። ስሞኪ በኦክቶበር በረዶ ሊጥል ይችላል፤ ወፍራሙን ልብስ ደማስከስ ላይ ተቀበሉ።

ስፕሪንገር አናት ላይ መኪና አይደርስም። ወደ ደቡብ ስትመጡ ከጫፉ አንድ ማይል ያህል ቀደም ብሎ የጠጠር መንገድና መኪና ማቆሚያ ታልፋላችሁ። ሊወስዳችሁ የሚመጣውን ሰው እዚያ ቅጠሩት፤ ጫፉን ነክታችሁ ያቺን አንድ ማይል ትመለሳላችሁ። የሚመጣው ሰው መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ ወይም ዝናብ ከጣለ ግን ቀጠሮውን አሚካሎላ ፏፏቴ ፓርክ አድርጉት። ከጫፉ እስከዚያ 8.5 ማይል ተጨማሪ ቁልቁለት ነውና ለዚያ ቀን ምሳ ያዙ። ከዚያ አትላንታ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ክላርክስተን አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ሙሉ ጉዞአችሁን ለማኅበሩ ማሳወቂያውን ቅጽ እቤት በገባችሁ በሳምንቱ ሙሉ፤ ቀኖቹና ቦታዎቹ ከአእምሮ ሳይጠፉ።